ከሕፃናት ጋር በድንኳን ማደር፦ በወሎ በአነስተኛ በጀት የትኛው ቦታ፣ የትኛው ወር፣ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ድንኳን ልንገዛ እንደሆነ ለአክስቴ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማን ሞተ?» ብለው ነበር። በእኛ አገር ድንኳን ወይ ለለቅሶ ወይ ለሰርግ የሚተከል ነውና አልፈረድኩባቸውም፤ የስምንት ወር ልጅ ታቅፎ፣ የሦስት ዓመቷን በእጅ ይዞ፣ ሆን ብሎ ውጭ ለማደር መሄድ ለእርሳቸው የጤና አልመሰላቸውም። ይሁን እንጂ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖር፣ ደመወዙ ለሁለት ሌሊት ሆቴል የማይተርፈው ቤተሰብ ከከተማ ወጣ ብሎ ልጆቹን ሣር ላይ ለማንከባለል ከፈለገ፣ ድንኳን ይዞ መውጣት አቅምን ያገናዘበ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቦታው በስህተት ከተመረጠ ከሆቴሉ የበለጠ ወጪ ያስወጣል።

አብዛኛው ሰው ቦታ የሚመርጠው ቀን ባየው ውበት ነው። ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን ቦታ የሚመረጠው በሌሊቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሕፃኑ ቢያተኩሰው፣ ድንኳኑ ቢርስ ወይም ነፋስ ካስማውን ቢነቅለው፣ ወዲያውኑ የሚገባበት ደረቅ ክፍል አለ ወይ? ከዚያስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ መድረስ ይቻላል ወይ? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ካልሆነ፣ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር ልጆቹ አምስትና ስድስት ዓመት እስኪሞላቸው ይቆይ እላለሁ።

ሽቅብ ብርዱ፣ ቁልቁል ትንኙ

በወሎ ቦታን ማነጻጸር በመሠረቱ ከፍታን ማነጻጸር ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የሐረጎን ዳገት በሚያስወጣው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። አዋቂ ሰው ይህን ልዩነት አንድ ጋቢ ደርቦ ይችለዋል፤ ሕፃን ግን ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ብዙ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ መብረዱንም አይናገርም።

ታዲያ ወደ ሞቃቱ መውረድ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢ በአብዛኛው የወባ ቦታ ነው፤ ዋናው የመተላለፊያ ጊዜም ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽና ከዚያም ትንሽ አለፍ የሚል ነው። ስለዚህ ባቲንና ከሚሴን የመሰሉ ሞቃት ቦታዎች ለሌሊቱ ብርድ ቢመቹም፣ ድንኳን ውስጥ ለሚተኛ ሕፃን ምርጫዬ አይደሉም። የሚፈለገው ከሁለቱ መካከል ያለው ወይና ደጋ ነው።

የሐይቅ ዳርቻ

ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከከተማዋ እስከ ውሃው ያለው መንገድ በባጃጅ የሚዘለቅ አጭር መንገድ ነው። ሐይቁ 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በመሆኑ ብርዱ ከደሴው፣ ትንኙም ከቆላው ይቀላል። ዳርቻው ላይ ዓሣ የሚጠብሱ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ስላሉ ባለቤቱን አነጋግሮ ድንኳንን በታጠረ ግቢ ውስጥ መትከል ይቻላል፤ ይህም ሌሊት ቢቸግር የሚገባበትን ክፍል አጠገብ ያስቀምጣል። ለእኔ የሐይቅ ትልቁ ብልጫ ከውሃው ይልቅ ይህ ነው።

አብዛኞቹ ባለቤቶች ለድንኳን የወጣ ዋጋ ስለሌላቸው ስምምነቱ በቃል ነው። ሒሳቡ በሰው ቁጥር ሳይሆን በድንኳን እንዲሆን፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ውሃውና የዘበኛው ክፍያ በውስጡ እንዲገቡ፣ እንዲሁም ሌሊት ክፍል ብንፈልግ በስንት እንደሚሰጡን ካስማው መሬት ከመምታቱ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። እኛ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ግቢ «ውሃ አለ ወይ?» ብለን ጠይቀን «አለ» ተብለን ገባን፤ ቧንቧ መኖሩ እውነት ነበር፣ ነገር ግን ከተዘጋ ቀናት አልፈውታል። ጡጦ በታሸገ ውሃ ስናጥብ ውለን የዚያን ቀን የውሃ ወጪያችን ከማደሪያው ክፍያ በለጠ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ራሴ ከፍቼ አያለሁ።

የሐይቁ አደጋ ግን ራሱ ሐይቁ ነው። ጥልቀቱ በመካከሉ ወደ 80 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርስ ውሃ፣ መራመድ የጀመረ ልጅ ካለው ቤተሰብ ድንኳን አሥር እርምጃ ላይ መሆን የለበትም፤ እኔ ቢያንስ አምሳ እርምጃ እርቃለሁ፣ የድንኳኑንም በር ከውሃው በተቃራኒ አዞራለሁ፤ ልጅ በማለዳ ቀድሞ ነቅቶ ቢወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ግቢውን እንዲሆን ነው። ከመስጠም ሌላ ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው የዳር ውሃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባ በመሆኑ፣ ልጅ ባይጠጣውም እግሩን መንከሩ ብቻ ይበቃዋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ አንድ ሰፊ ሳፋ ይዞ ሄዶ በንጹሕ ውሃ መሙላትና በፀሐይ ማሞቅ ነበር፤ ልጄ ሐይቁን ረስታ ሳፋዋ ውስጥ ጣሳ ስትቀዳና ስትደፋ ሁለት ቀን አሳለፈች።

ሐይቅ የሄደ ሁሉ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ማየት ይፈልጋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የተመሠረተው ይህ ታላቅ ገዳም የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች አይገቡበትም፤ ስለዚህ አባት ሲሳለም እናት ከልጆቹ ጋር ብቻዋን እንደምትቆይ ቀድሞ ታውቆ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ቢኖር ይመረጣል። ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ጸጥታው የተሻለ ቢሆንም ለማደሪያ የሚሆን አገልግሎት አነስተኛ ስለሆነ ለቀን ጉብኝት ይበቃል።

ደጋው

ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ያደርሳል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚገኙበት፣ የአስታ ቁጥቋጦና ጓሳ የለበሰ አገር ነው፤ ያለ ልጅ ለሚሄድ ሰው ከሐይቅ ይልቅ ይህን እመክረዋለሁ። ከሕፃን ጋር ግን አይሆንም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ክፍሉ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ሊጥል ይችላል፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአንድ ቀን እዚያ ከፍታ ላይ የተኛ አዋቂ ራሱን ቢያመው ይናገራል፣ ሕፃን የሚያሳየው ግን ጡት እምቢ ማለትና መነጫነጭ ብቻ ስለሆነ ከጥርስ ሕመም ወይም ከብርድ መለየት ያስቸግራል። በዚያ ላይ የመኪናው ወጪ ብቻውን የሐይቅን ጉዞ ጠቅላላ ወጪ ይበልጣል።

በመቄት በኩል በማህበረሰብ የሚተዳደሩ የጎጆ ማረፊያዎች ተሠርተው ለእግር ተጓዦች ሲያገለግሉ ኖረዋል። አሠራሩ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን በእግርና በአህያ የሚኬድበትና ገደል አፋፍ ላይ የሚታደርበት በመሆኑ፣ በአንቀልባ የሚታዘለውን ሕፃን እንኳ ቢችል ራሱን ችሎ መሮጥ የጀመረውን የሁለት ዓመት ልጅ አይችልም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራም እንደዚያው ነው።

የዘመድ ግቢ

በወረቀት ላይ ከሁሉ ርካሹ ገጠር ካለ ዘመድ ግቢ ድንኳን መትከል ነው፤ የማደሪያ ክፍያ የለም፣ ክፍሉ አምስት እርምጃ ላይ ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅ ያሳደገ ስለሆነ ሕፃን ሲያለቅስ ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ የሞከርነው ይህንኑ ነበር። ችግሩ የጀመረው የባለቤቴ አጎት ድንኳኑን ሲያዩ ነው። «ቤት እያለኝ ሜዳ ላይ አሳድሬ ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ካስማውን ሊነቅሉ ደረሱ። በእርሳቸው በኩል ልክ ናቸው፤ እንግዳን ደጅ ማሳደር ነውር ነው፣ ለዚያውም አራስነት ገና የለቀቃትን እናት። ተመራርቀንና ተለማምነን የተስማማነው እናትና ሕፃኑ ከቤት፣ እኔና ትልቋ ልጅ ከድንኳን እንድናድር ነበር፤ አሁን ሳስበው ይህ አከፋፈል በራሱ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ለሌሎችም እመክረዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር ወጪው አለመቅረቱ ነው። የእኛ ርካሽ ሽርሽር ለአጎት አንድ በግ፣ ለቤቱ ሴቶች ደግሞ የሦስት ቀን እንጀራ ጋገራ ሆነባቸው። ሒሳቡ ከእኛ ኪስ ወደ እነርሱ ማጀት ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ይህን አማራጭ የሚመርጥ ቤተሰብ ስኳር፣ ቡና፣ ዘይትና ሳሙና አስቀድሞ በበጀቱ ይያዝ፤ የሚሄድበትንም ቀን ከሳምንት በፊት ይናገር፣ የአጨዳና የውቂያ ወቅትንም ይሽሽ። ይህን ሁሉ ደምሬ ሳየው የዘመድ ግቢ ከሐይቅ ዳርቻ የሚረክሰው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ከጤና አንጻር ደግሞ ሦስት ነገሮችን በትሕትና ግን በጥብቅ መከላከል ያስፈልጋል። በፍቅር የሚቀርበው ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጭራሽ አይሰጥም፤ ለሕፃናት አደገኛ የሆነ መርዝ የሚፈጥር ተህዋሲ ሊኖርበት ይችላል። አሁን የታለበ ወተትም ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥም። ስድስት ወር ላልሞላው ደግሞ ከጡት ሌላ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ቀጥታ እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው «ሐኪም ከልክሎናል» ቢል ማንም አይቀየመውም። የማድቤት ጭስና ቁንጫም አሉ፤ ከቤት ይልቅ ድንኳኑ የሚሻለው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ክፍል ተከራይቶ ውጭ መዋል

ይህ በእውነቱ በድንኳን ማደር አይደለም፤ ነገር ግን ሕፃኑ ከሦስት ወር በታች ከሆነ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ ወይም መርሳ ላይ አነስተኛ ክፍል ይዞ፣ ቀኑን ከዛፍ ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፎ፣ ድንኳኑን ለቀን እንቅልፍ ብቻ ተክሎ መዋል ይቻላል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የሙቀት መጠኑ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መድረስ ስላለበት፣ በአንድ ክፍል ኪራይ የሚገኘው የአእምሮ ዕረፍት ዋጋውን ያወጣል። ላሊበላ ክፍል በብዛት የሚገኝባት ከተማ ብትሆንም በገና ሰሞን ዋጋው ሰማይ ስለሚነካ በዚያ ጊዜ ለአነስተኛ በጀት አትታሰብም።

የትኛው ወር?

ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ወሎ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ድንኳን የሚተከልባቸው ወራት አይደሉም። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት በልጉ ይመጣል፤ በልግ በሌለበት አገር ያደገ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ መጋቢትን እንደ በጋ ይቆጥረዋል። መስከረምና ጥቅምት ምድሩ አደይ ለብሶ ዓይን የሚስብበት ጊዜ ቢሆንም፣ ከላይ እንደተባለው በሐይቅ ዳርቻ የትንኙ ወቅት ነው፤ በደጋው ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ብርድ የሚጀምርበት ነው።

የቀረው ጥር ነው። ዝናቡም ትንኙም የሚያንስበት፣ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍትም የሚገጥምበት ወር በመሆኑ ለሐይቅ ዳርቻ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን መኝታው በሚገባ መዘጋጀት አለበት። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የሌለው ቤተሰብ ሌላም ዕድል አለው፤ የበዓል ሰሞንን ዘሎ በሥራ ቀን መሄድ ይችላል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ክብረ በዓል፣ ታኅሣሥ 29 የገና፣ ጥር 11 የጥምቀት ሰሞን በደሴ በኩል ያለው መጓጓዣ ይጨናነቃል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ሁዳዴ ሲሆን በብዙ ምግብ ቤቶች ወተትና እንቁላል አይገኝም፣ በረመዳን ደግሞ ብዙዎቹ ቀን ይዘጋሉ፤ ደግነቱ ወሎ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ስላሉ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

ወሩ የቱም ይሁን፣ መንገዱ ክፍት መሆኑንና የአካባቢውን ሁኔታ በዋዜማው እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ምሽግ የነበረበት ኮረብታ ላይ አይታደርም፤ መናገር የገባው ልጅ ሁሉ መሬት ላይ ያየውን ያልታወቀ ብረት እንዳይነካ፣ ሮጦ ለአባቱ ወይም ለእናቱ እንዲናገር ይለማመድ።

ድንኳኑ፦ መግዛት፣ መዋስ ወይስ ሸራ?

አዲስ ድንኳን በዓመት አንዴ ለሚወጣ ቤተሰብ ዋጋው አይመለስም። ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ተዋጥቶ አንድ መግዛትና በተራ መጠቀም ከሁሉ ይሻላል፤ እኛም ያደረግነው ይህንን ነው። ሲገዛ «ለአራት ሰው» የሚለው ጽሑፍ አራት አዋቂ ጎን ለጎን ሳይላወሱ ሲተኙ ማለት ስለሆነ፣ ለሁለት ወላጅ፣ ለሁለት ልጅና ለዕቃቸው የሚበቃው እርሱ ነው፤ ለሦስት ሰው የተባለው ይጠባል። መዋስም ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከመሄድ በፊት ቤት ተተክሎ ዚፑ መሥራቱ ይታይ፤ ዚፑ የማይዘጋ ድንኳን ለትንኝ በሩ ክፍት ነው። ሸራና ላስቲክ በገመድ ወጥሮ ማደር ርካሽ ቢሆንም ከሕፃን ጋር ለቀን ጥላ እንጂ ለሌሊት አይሆንም።

ስለ ላስቲክ ከተነሣ የራሴን ስህተት ልንገር። ጤዛ ፈርተን በመጀመሪያው ሌሊት ድንኳኑን በላስቲክ ጥብቅ አድርገን ሸፈንነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብታ አርፎ ነቃሁ፤ ውጭው ደረቅ ነበር፣ የአራታችን ትንፋሽ ግን መውጫ አጥቶ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብ ነበር፣ የሕፃኑ ኮፍያም ርሷል። አሁን ላስቲኩን በገመድ ከድንኳኑ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እወጥረዋለሁ፣ የላይኛውንም መተንፈሻ አልዘጋም።

መኝታና እሳት

ብርድ ከላይ ከሚመጣው ይልቅ ከመሬት የሚመጣው ይበልጣል። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ምቹ ቢሆንም ማመላለሻው ከባድ ነው፤ አየር የሚሞላው ፍራሽ ለአዋቂ ቢሆንም ለሕፃን ልስላሴው አደገኛ ነው፣ ፊቱ ሊሰምጥበት ይችላል። በጥር ውቂያ አልቆ ጭድ ስለሚገኝ፣ ንጹሕ የጤፍ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ከላዩ ሰሌንና ስስ ስፖንጅ ማንጠፍ ከሁሉ የረከሰና የሞቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሕፃኑ በጠንካራ ስስ ፍራሽ ላይ ለብቻው በጀርባው ይተኛ፤ ወፍራም ጋቢ ፊቱ ላይ እንዳይወጣ ደግሞ ከአሮጌ ብርድ ልብስ እጅጌ ያለው ከረጢት መሳይ ልብስ ማሰፋት ይቻላል፤ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። መብረዱ የሚታወቀው እጁን ሳይሆን ደረቱንና ማጅራቱን በመዳሰስ ነው። አጎበሩ በጥርም ቢሆን አይቀርም፤ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የትንኝ ቅባት ስለማይቀባ አጎበር ብቸኛ መከላከያው ነው።

ለማብሰያ ከሰልና ጋዝ ሲነጻጸሩ ከሰል በዋጋም በማግኘትም ይቀድማል፤ ትንሹ የጋዝ ምድጃ ግን ሌሊት ጡጦ ለማሞቅ በሁለት ደቂቃ ይደርሳል። ሁለቱንም መያዝ የሚቻል ከሆነ ይያዝ። ነገር ግን የትኛውም ቢሆን፣ የጠፋ የመሰለ ፍም ጭምር፣ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝቶ ያለ ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብርድ ሲጠና «ለትንሽ ጊዜ እናስገባው» የሚል ሰው ከመካከላችን ስለማይጠፋ ነው።

ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ለምሳሌ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። በዚሁ ምክንያት ምስርና ባቄላ እሳት ይበላሉ፤ ስለዚህ በሶ፣ የአጥሚት ዱቄት፣ የገንፎ ዱቄትና መኮሮኒ ይሻላሉ። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን ካለ፣ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ተበጥብጦ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰጠዋል፤ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይዞ መተኛት የሌሊቱን ሥራ ያቀልላል። ለአራት ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለጡጦ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስባለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ከረጢት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ዱቄት) እና የሙቀት መለኪያም ቦታ አይፈጁም።

ዳይፐርና የሽንት ጨርቅ ሲነጻጸሩ ቤት ውስጥ ጨርቅ ይረክሳል፤ ጉዞ ላይ ግን ጨርቁን ለማጠብና ለማድረቅ የሚፈለገው ውሃና ጊዜ ስለሚበዛ ሌሊት ዳይፐር፣ ቀን ጨርቅ ማድረጉ መካከለኛ መንገድ ነው። ያገለገለው ዳይፐር ግን ሜዳ ላይ አይቀበርም፤ ጅብና ውሻ ቆፍረው ያወጡታልና በታሰረ ፌስታል ከተማ ይመለሳል። ፖፖ ለለመደች ልጅ የቤቷ ፖፖ ይያዝላት፤ የጉድጓድ መጸዳጃ ለሦስት ዓመት ልጅ ያስፈራል።

መጓጓዣ

የግል መኪና ለሌለው ቤተሰብ ምርጫው ሁለት ነው፦ በመደበኛ ሚኒባስ መሄድ ወይም ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ። መደበኛው በጣም ይረክሳል፤ ነገር ግን ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ጀሪካንና ሳፋ ይዞ ሁለት ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መሄድ ያስቸግራል፣ ለዕቃውም ይከፈላል። ኮንትራቱ ለአንድ ቤተሰብ ውድ ሲሆን ለሁለት ቤተሰብ ሲካፈሉት ይቀላል፤ ሁለት ቤተሰብ ሆኖ መሄድ ሌሊት ተራ ለመጠበቅም ይረዳል። የግል መኪና ያለው ሕፃኑን ከፊት ወንበር ጭን ላይ አያስቀምጥ። ጋሪ ከቤት ባይወጣ ይሻላል፤ በአቧራውና በጠጠሩ መንገድ አንቀልባ ወይም የጨርቅ ማዘያ እንጂ ጋሪ አይሄድም።

መውጫ ላይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል፣ መመለሻ ላይ ግን ይዘናጋል። ከሐይቅ ወደ ደሴ ለመመለስ ከሰዓት በኋላ ከወልድያ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ስለሚያልፉ፣ እኛ ጥላ በሌለበት አስፋልት ዳር ከልጆቹ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል ቆመናል። አሁን ድንኳኑን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጤዛው እንደ ደረቀ እነቅላለሁ፣ ዓሣውን አጥንቱን አስለቅሜ ለልጆቹ በጊዜ አበላለሁ፣ ከስድስት ሰዓት በፊትም ባጃጁ ግቢው በር ላይ እንዲቆም ከዋዜማው ቀጠሮ እይዛለሁ።